«ባዮግራፍ»፦ የቦብ ዲላን ሃያ ዓመታት በአንድ ሳጥን

«ባዮግራፍ» የአሜሪካዊው ድምፃዊና የግጥምና ዜማ ደራሲ የቦብ ዲላን የሙያ ዘመን ስብስብ ነው። ኮሎምቢያ ሪከርድስ ያሳተመው በኖቬምበር 1985 ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሥራው በአምስት ሸክላ፣ በሦስት ካሴት ወይም በሦስት ሲዲ ተዘጋጅቶ በሳጥን ቀረበ። ከ1961 እስከ 1981 የተቀረጹ 53 ዘፈኖችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ ከዚያ በፊት በሕጋዊ መንገድ ታትመው አያውቁም ነበር። እስከዚያ ድረስ በሮክ ሙዚቃ ዓለም የአንድን ዘፋኝ ሥራ መሰብሰብ በአብዛኛው የነጋዴ ሥራ ነበር፤ ገበያ የቀናቸውን ዘፈኖች ለቅሞ ዳግመኛ መሸጥ ማለት ነው። «ባዮግራፍ» ይህን ልማድ ለወጠው። የተወደደውን ዘፈን ከተጣለው፣ የስቱዲዮውን ቅጂ ከመድረኩ አጎራብቶ በማቅረብ ስብስብን የታሪክ ሰነድ አደረገው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ስብስብ አልበም የሚባለው ነገር ከየት እንደ መጣ፣ ዲላንም በሃያ ዓመት ውስጥ ምን መንገድ እንደ ተጓዘ ማየት ያስፈልጋል።

ከሸክላ ጥራዝ እስከ «ምርጥ ዘፈኖች»

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ እየዞረ በአንድ ገጹ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ነበር። ረዘም ያለ ሥራ ለማሳተም የፈለገ ኩባንያ ብዙ ሸክላዎችን እንደ መጽሐፍ በተጠረዘ ማኅደር ውስጥ ይከታቸዋል፤ አልበም ይባል የነበረውም ይኸው ጥራዝ ነው። ዉዲ ጋትሪ የአሜሪካን ሜዳማ አገሮች የመታውን የአቧራ ማዕበልና የገበሬውን ስደት የዘፈነበት «ደስት ቦውል ባላድስ» በ1940 የወጣው በዚህ መልክ ነበር። በጁን 1948 ኮሎምቢያ በዝግታ የሚዞረውንና በአንድ ገጹ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘውን ረጅም ሸክላ ለሕዝብ አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ አሥርና አሥራ ሁለት ዘፈን በአንድ ሸክላ ላይ ማኖር ቀላል ሆነ፤ ቀድሞ በየነጠላው የወጡትን ለቅሞ በአንድ መሸጥም እንዲሁ።

ለአሜሪካ የሕዝብ ዘፈን (ፎክ) ትንሣኤ መሠረት የጣለው ሥራም ስብስብ ነበር። በ1952 ፎክዌይስ ሪከርድስ ያሳተመው የሃሪ ስሚዝ «አንቶሎጂ ኦፍ አሜሪካን ፎክ ሚዩዚክ» በስድስት ረጃጅም ሸክላዎች 84 ዘፈኖችን ይዞ ወጣ። ዘፈኖቹ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በየገጠሩ ዘፋኞች የተቀረጹ፣ በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ከገበያ የጠፉ ነበሩ። ስሚዝ ዘፈኖቹን በዓመተ ምሕረት አልደረደራቸውም፤ የዘፋኞቹን ጥቁርነት ወይም ነጭነትም አልጠቀሰም። ባላድ፣ የማኅበራዊ ሕይወት ሙዚቃና ዘፈን በሚል በሦስት ከፈላቸውና አንዱ ሌላውን እንዲያስታውስ አድርጎ አሰለፋቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጊታር ያነሱ ብዙ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ዘመን ዘፈን የተማሩት ከእነዚህ ሸክላዎች ነው።

የንግዱ መንገድ ደግሞ በሌላ በኩል ተጠረገ። ኮሎምቢያ በ1958 የጆኒ ማቲስን ተወዳጅ ነጠላ ዜማዎች ሰብስቦ በአንድ ሸክላ አወጣ። «ጆኒስ ግሬተስት ሂትስ» የተባለው ይህ ሥራ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ 490 ሳምንታት ቆየ። የቀረጻው ወጪ ቀድሞ የተሸፈነ፣ ገበያውም የተፈተነ ስለ ነበር ለአሳታሚ ከዚህ የተሻለ ትርፍ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስሙ የገነነ ዘፋኝ ሁሉ «ምርጥ ዘፈኖች» የሚል ሸክላ እንዲኖረው ደንብ ሆነ።

ከፎክ ወደ ፎክ ሮክ

ቦብ ዲላን በሜይ 24 ቀን 1941 በሚኒሶታ ግዛት በዱሉዝ ከተማ ተወለደ፤ የትውልድ ስሙ ሮበርት አለን ዚመርማን ነው። ያደገው የብረት ማዕድን በሚወጣባት በሂቢንግ ነበር። በጃንዋሪ 1961 ወደ ኒው ዮርክ ሲመጣ ከዓላማዎቹ አንዱ በኒው ጀርዚ ሆስፒታል የተኛውን ዉዲ ጋትሪን ማግኘት ነበር፤ አገኘውም። በግሪንዊች ቪሌጅ ቡና ቤቶች በጊታርና በሃርሞኒካ ሲዘፍን ቆይቶ በሴፕቴምበር 1961 የኒው ዮርክ ታይምሱ ሮበርት ሼልተን አድናቆቱን ጻፈለት። ብዙም ሳይቆይ የኮሎምቢያው ጆን ሃመንድ አስፈረመው።

የመጀመሪያ አልበሙ በማርች 1962 ሲወጣ በአብዛኛው የሌሎችን ዘፈን የያዘ ነበር። ሁለተኛው፣ የ1963ቱ «ዘ ፍሪዊሊን ቦብ ዲላን»፣ ግን ከሞላ ጎደል የራሱ ድርሰት ነው። በውስጡ ያለውን «ብሎዊን ኢን ዘ ዊንድ» ፒተር፣ ፖልና ሜሪ የተባሉት ሦስት ዘፋኞች በዚያው ዓመት ተጫውተው በመላ አገሪቱ አሰሙት። ዲላን በኦገስት 28 ቀን 1963 በዋሽንግተኑ የሲቪል መብት ሰልፍ ላይ ዘፈነ። ያን ጊዜ ዕድሜው 22 ነበር፤ ሰዉም የትውልዱ አፈ ጉባኤ አድርጎ ማየት ጀምሯል።

እሱ ግን ያን ወንበር አልፈለገውም። በማርች 1965 የወጣው «ብሪንጊንግ ኢት ኦል ባክ ሆም» በአንድ ገጹ የኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ ያለው፣ በሌላው በአብዛኛው በአኩስቲክ ጊታር የተዘፈነ ነው። በዚያው ዓመት ጸደይ ዘ በርድስ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ የዲላንን «ሚስተር ታምበሪን ማን» በአሥራ ሁለት ክር የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቶ በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ አደረሰው። ፎክ ሮክ የሚለው ስያሜ በሰፊው የተለመደው ያን ጊዜ ነው። በጁላይ ወር ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ወጣ። በጁላይ 25 በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ ዲላን ከኤሌክትሪክ ባንድ ጋር ሲቀርብ ከታዳሚው ከፊሉ በጩኸት ተቃወመው። በቀጣዩ ዓመት በሜይ 17 በማንቸስተር ፍሪ ትሬድ ሆል አንድ ታዳሚ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ከድርብ ሸክላው «ብሎንድ ኦን ብሎንድ» በኋላ፣ በጁላይ 1966፣ በዉድስቶክ አቅራቢያ በሞተር ብስክሌት አደጋ ደርሶበት ከሕዝብ ዓይን ራቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ብዙ መታጠፊያ አለው። በ1967 ጸጥ ያለውን «ጆን ዌስሊ ሃርዲንግ»ን፣ በ1969 የካንትሪ ሙዚቃ የተጫወተበትን «ናሽቪል ስካይላይን»ን አወጣ። በ1975 የመለያየትን ሐዘን የሚተርከው «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» ተከተለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ሮሊንግ ተንደር» የተባለው ተጓዥ ትርኢት ተጀመረ። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ ክርስቲያናዊ መዝሙሮችን ይዘምር ያዘ። አድማጩም በየመታጠፊያው ይከፋፈል ነበር፤ የአንዱ ዘመን ወዳጅ የሌላውን ዘመን ሥራ ሳይሰማ ይቀራል።

ከባዮግራፍ በፊት የነበሩት ስብስቦች

ኮሎምቢያ የመጀመሪያውን የዲላን ስብስብ ያወጣው በማርች 1967፣ ዘፋኙ ከአደጋው በኋላ ዝም ባለበት ወቅት ነበር። «ቦብ ዲላንስ ግሬተስት ሂትስ» ከሚልተን ግሌዘር ሥዕል ጋር ተሸጠ፤ ጥቁር የፊት ቅርጽና ባለ ብዙ ቀለም ጠጉር የሚታይበት ያ ፖስተር የዘመኑ መለያ እስከ መሆን ደረሰ። ስብስቡ የተሳካ ንግድ ቢሆንም ለአድማጭ የጨመረው ነገር ጥቂት ነበር።

አድማጩ ግን ያልወጡ ሥራዎች እንዳሉ ያውቃል። በ1967 ዲላንና በኋላ ዘ ባንድ የተባሉት ሙዚቀኞች በዉድስቶክ አካባቢ ባለ የመኖሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ከመቶ በላይ ዘፈኖችን ቀርጸው ነበር። ጥቂቶቹ ለሌሎች ዘፋኞች እንዲጫወቷቸው ተላኩ፤ የእንግሊዙ ማንፍሬድ ማን «ማይቲ ክዊን»ን በ1968 በአገሩ አንደኛ ያደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ቅጂዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ቆይተው በ1969 «ግሬት ዋይት ዎንደር» የተባለ ሕገወጥ ድርብ ሸክላ በሎስ አንጀለስ ወጣ። ነጭ ባዶ ሽፋን ነበረው። ውስጡ ከእነዚህ የምድር ቤት ዘፈኖች ጥቂቶቹንና በ1961 በሚኒያፖሊስ የተቀረጹ የወጣትነት ዘፈኖቹን ይዟል። በሮክ ሙዚቃ ስሙን ያስጠራ የመጀመሪያው የድብቅ ኅትመት ይኸው ነው። ሕዝብ የዲላንን ጥርት ያሉ ሥራዎች ብቻ ሳይሆን ረቂቆቹንም እንደሚፈልግ ለአሳታሚው በግልጽ አሳየ።

ምላሹ በዝግታ መጣ። በኖቬምበር 1971 የወጣውን ሁለተኛውን «ግሬተስት ሂትስ» ዲላን ራሱ አዘጋጀው፤ ከታወቁት ዘፈኖች ጋር በ1963 በመድረክ የተቀረጸውን «ቱሞሮው ኢዝ ኤ ሎንግ ታይም»ንና ሌሎች ያልወጡ ቅጂዎችን ጨመረበት። በ1973 ዲላን ለአጭር ጊዜ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲሄድ ኮሎምቢያ ከተጣሉ ቀረጻዎች «ዲላን» የተባለ አልበም ያለ ፈቃዱ አውጥቷል፤ ይህም ያለ ጥንቃቄ የተለቀመ ትርፍራፊ ዘፋኙን እንደሚጎዳ ያሳየ ሥራ ነው። በ1975 «ዘ ቤዝመንት ቴፕስ» የምድር ቤቱን ዘፈኖች በከፊል በሕጋዊ መንገድ አቀረበ።

ከሁሉ ይልቅ ለባዮግራፍ መንገድ የጠረገው ግን የሌላ ዘፋኝ ሥራ ነው። ካናዳዊው ኒል ያንግ በ1977 «ዴኬድ» የተባለ ባለ ሦስት ሸክላ ስብስብ አወጣ። 35ቱን ዘፈኖች ራሱ መረጠ፤ ያልወጡትን ከወጡት ጋር ቀላቀለ፤ ስለ እያንዳንዱም ማስታወሻ ጻፈ። ዘፋኝ በራሱ ሥራ ላይ ታሪክ ጸሐፊ ሊሆን እንደሚችል «ዴኬድ» አስመሰከረ።

1985

ባዮግራፍ የወጣበት ዓመት ዲላን ከኢትዮጵያ ጋር በስም የተገናኘበት ዓመትም ነው። በጃንዋሪ 28 ቀን 1985 በሎስ አንጀለስ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች እርዳታ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሲቀረጽ ከዘፋኞቹ አንዱ እሱ ነበር። የዝግጅቱን ሐሳብ ያፈለቀው ሃሪ ቤላፎንቴ ነው፤ ዲላን በ1962 ገና ስም ሳያወጣ በቤላፎንቴ ቀረጻ ላይ ሃርሞኒካ ተጫውቶለት ነበር። በጁላይ 13 በፊላደልፊያ በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ማብቂያ ላይ ዲላን ከኪዝ ሪቻርድስና ከሮን ዉድ ጋር ሦስት የጥንት ዘፈኖቹን ተጫወተ። ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ባለዕዳ ለሆኑ የአሜሪካ ገበሬዎች ቢውል ምኞቱ መሆኑንም ተናገረ። በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ሳለ የተነገረ በመሆኑ ንግግሩ ብዙዎችን ቅር አሰኘ። በአሜሪካ በኩል ግን ዊሊ ኔልሰን፣ ጆን ሜለንካምፕና ኒል ያንግ ሐሳቡን አንሥተው በሴፕቴምበር 22 በኢሊኖይ የፋርም ኤይድን ኮንሰርት አዘጋጁ፤ ዲላንም ተጫወተበት። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሳጥኑ በሱቅ ተሰለፈ።

ጊዜው በሌላም ምክንያት ምቹ ነበር። ከ1982 ጀምሮ ገበያ የገባው ሲዲ ከሰባ ደቂቃ በላይ ስለሚይዝ ረጅም ስብስብን በጥቂት ዲስክ ማቅረብ ተቻለ። በ1960ዎቹ ወጣት የነበረውም ትውልድ ቤተሰብ መሥርቶ፣ ገቢ አግኝቶ፣ ወጣትነቱን በጥሩ ድምፅ መልሶ መስማት የሚፈልግበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ነበር።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው

ስብስቡን ያዘጋጀው በዲላን ቢሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጄፍ ሮዘን ነው። ዋናው ውሳኔ የዘመን ቅደም ተከተልን መተው ነበር። የመጀመሪያው ሸክላ የሚከፈተው በ1969ኙ «ሌይ ሌዲ ሌይ» ነው፤ ቀጥሎ የ1962ቱ «ቤቢ ሌት ሚ ፎሎው ዩ ዳውን» ይመጣል። የጥንቱ ሻካራ ድምፅ ከናሽቪሉ ለስላሳ ድምፅ ጎን ሲቆም፣ አንዱ ዘመን ሌላውን እንደ ካደ ይነገር የነበረው አባባል ይዳከማል፤ ፍቅርን የሚዘፍነው ሰው ያው አንድ ሰው መሆኑ ይሰማል።

አንዳንዱ ገጽ በጉዳይ የተሰበሰበ ነው። ሁለተኛው ገጽ «ዘ ታይምስ ዘይ አር ኤ ቼንጂን»፣ «ብሎዊን ኢን ዘ ዊንድ»፣ «ማስተርስ ኦፍ ዎር»ና አንዲት ጥቁር ሠራተኛ በአንድ ባለጸጋ እጅ መሞቷን የሚተርከውን ዘፈን ይዞ፣ እስከዚያ ባልታተመው «ፐርሲስ ሶንግ» ይዘጋል። ይህ የመጨረሻው ወዳጁ የ99 ዓመት እስር የተፈረደበት ሰው ዳኛውን ሲማጸን የሚያሳይ ነው። ከ1963ቱ ቀረጻዎች መካከል ቀርቶ የነበረው ይህ ዘፈን ከታወቁት ጋር ሲሰለፍ በምንም አያንስም።

ለታሪክ ተመልካች ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው «ሚክስድ አፕ ኮንፊውዥን» የተባለው አጭር ዘፈን ነው። ዲላን በኖቬምበር 1962 ከባንድ ጋር፣ በከበሮና በኤሌክትሪክ ጊታር የቀረጸው ነው፤ ከኒውፖርቱ ጩኸት ሦስት ዓመት ያህል ቀድሞ። በነጠላ ሸክላ ወጥቶ ብዙም ሳይሰማ ጠፍቶ ነበር። በ1965 ዲላን ፎክን ክዶ ወደ ሮክ ሄደ የሚለው ትረካ በዚህ አንድ ማስረጃ ይናጋል፤ ሁለቱ መንገዶች ከመጀመሪያው በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ነበሩ።

የመድረክ ቅጂዎቹም እንዲሁ ክርክር ይፈታሉ። ከ1966ቱ ጉዞ በቤልፋስት፣ በማንቸስተርና በለንደን የተቀረጹ ሦስት ዘፈኖች በሳጥኑ ውስጥ አሉ። ከለንደን የመጣው «ቪዥንስ ኦፍ ጆሃና» በአንድ ጊታርና በአንድ ሃርሞኒካ ብቻ፣ በፍጹም ጸጥታ መሐል የተዘፈነ ነው። የዚያ ጉዞ ወሬ ሁሉ ስለ ጩኸትና ተቃውሞ ስለ ነበር፣ በየምሽቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሰዉ እንዲህ በተመስጦ ያዳምጥ እንደ ነበር ብዙዎች አያውቁም ነበር።

ረቂቆቹ ደግሞ የአሠራሩን ምሥጢር ያሳያሉ። «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» በሴፕቴምበር 1974 በኒው ዮርክ ተቀርጾ ካበቃ በኋላ ዲላን ግማሽ ያህሉን ዘፈን በዲሴምበር በሚኒያፖሊስ እንደ ገና ቀረጸ። ከተተኩት አንዱ፣ «ዩር ኤ ቢግ ገርል ናው»፣ በኒው ዮርኩ መልክ በባዮግራፍ ይገኛል፤ ዝግ ያለና የበለጠ የተጎዳ ድምፅ ነው። ከዚያው ቀረጻ የተረፈው «አፕ ቱ ሚ»ም ሙሉ ለሙሉ የተጠናቀቀ ትልቅ ዘፈን ነው። አልበሙን ሲያዋቅር ዲላን ምን ያህል እንደ ጣለ አድማጭ በጆሮው ያረጋግጣል። ሳጥኑ የሚዘጋው በ1973 ለማስታወሻ ያህል ብቻ በተቀረጸው «ፎርኤቨር ያንግ» ነው።

ከሸክላዎቹ ጋር የመጣው መጽሔትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው በወጣትነቱ ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት ይጽፍ የነበረውና በኋላ በ2000 «ኦልሞስት ፌመስ» የተባለውን ፊልም የሠራው ካሜሮን ክሮው ነው። የሕይወት ታሪኩን ተርኮ፣ ስለ ብዙዎቹ ዘፈኖች የዲላንን የራሱን አስተያየት አክሎበታል። በቃለ መጠይቅ ጠያቂን በማምታታት የታወቀው ዘፋኝ ስለ አሠራሩ ይህን ያህል በግልጽ የተናገረበት ጊዜ እስከዚያ ጥቂት ነው።

ስብስቡ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። «ኤ ሃርድ ሬይንስ ኤ ጎና ፎል»፣ «ዶንት ቲንክ ትዋይስ»ና «ዴዞሌሽን ሮው» በውስጡ የሉም። ከምድር ቤቱ ቀረጻዎችም ጥቂት ብቻ ገብተዋል። ዓመቱን አለመከተሉም ዲላንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው ያስቸግራል፤ ማን መቼ እንደ መጣ ለማወቅ መጽሔቱን ማገላበጥ ግድ ይላል። እነዚህ ግን የመረጣው ዋጋ ናቸው፤ ሁሉን የሚይዝ ስብስብ ቤተ መዛግብት እንጂ ትረካ አይሆንም።

ከባዮግራፍ ወዲህ

ባዮግራፍ ውድ ሳጥን ሆኖ ሳለ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 33ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ፤ በአሜሪካም የፕላቲነም ዕውቅና አገኘ። አሳታሚዎች ትምህርቱን ፈጥነው ቀሰሙት። በ1988 የኤሪክ ክላፕተን «ክሮስሮድስ» በዚሁ መልክ ወጣ፤ በ1990ዎቹም ስም ያለው ሙዚቀኛ ሁሉ የታወቀውን ካልታወቀው ያቀላቀለ፣ መጽሔት የታከለበት ሳጥን እንዲኖረው ልማድ ሆነ።

ለዲላን ራሱ ውጤቱ ከዚህም ይሰፋል። በማርች 1991 በጄፍ ሮዘን አዘጋጅነት «ዘ ቡትሌግ ሲሪስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት 58 ቅጂዎችን በያዘ ባለ ሦስት ቅጽ ሳጥን ተጀመረ። በ1983 ተቀርጾ የተጣለው «ብላይንድ ዊሊ መክቴል» በሕጋዊ ኅትመት የተሰማው ያን ጊዜ ነው፤ ዛሬ ከታላላቅ ዘፈኖቹ ተርታ ይቆጠራል። በ1998 የማንቸስተሩ ኮንሰርት ከነ«ይሁዳ» ጩኸቱ ታተመ። በ2014 የምድር ቤቱ ዘፈኖች 138 ቅጂዎች ሆነው በሙሉ ወጡ። በ2015 ደግሞ የ1965 እና የ1966 የስቱዲዮ ቀረጻዎች በአንደኛው እትም 18 ሲዲ ሞሉ። በድብቅ ይሸጥ የነበረው ሁሉ በጥንቃቄ ተጣርቶ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎለት ለሕዝብ ቀረበ።

በ2016 የዲላን ወረቀቶችና ቅጂዎች በኦክላሆማ ወደምትገኘው ወደ ተልሳ ተዛወሩ፤ በሜይ 2022 የቦብ ዲላን ማዕከል እዚያው ተከፈተ፤ የዉዲ ጋትሪ ማዕከልም ጎረቤቱ ነው። በዚያው በ2016 የስዊድን አካዳሚ በአሜሪካ የዘፈን ልማድ ውስጥ አዲስ ሥነ ግጥማዊ አገላለጽ በመፍጠሩ የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሰጠው። ዘፈን እንደ ሥነ ጽሑፍ እንዲመዘን ረቂቁ፣ እርማቱና የተተወው ገጽ ሁሉ ለተመራማሪ ክፍት መሆን ነበረበት፤ ይህን በር ለሕዝብ የከፈተው ባዮግራፍ ነው። የሙያ ዘመን ስብስብ የሚመዘነው በያዛቸው ተወዳጅ ዘፈኖች ብዛት አይደለም፤ ስለ ባለሙያው የምናውቀውን ታሪክ በማስረጃ በማረሙ ነው። በዚህ መለኪያ የ1985ቱ ሳጥን እስከ ዛሬ ከአርአያዎቹ ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ይገኛል።